ሣሩ ላይ ዝቅ ብለው የሚያንዣብቡት ሰማያዊ ክንፍ ተርቦች፦ ላጥፋቸው ወይስ ልተዋቸው?

የበሶብላ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) | ነሐሴ 11

ሰላም ለሁላችሁ። ለረጅም ጊዜ እያነበብኩ ዝም የምል ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ጉዳዩ ደጃፌ ደረሰ።

ከአሥር ቀን ወዲህ ከቤታችን ጀርባ ያለው ሣር ላይ ተርቦች በዝተዋል። ጠዋት ፀሐይ ሣሩን ስታገኘው ይጀምራሉ፤ ቀትር ላይ ሃምሳም ስድሳም ይሆናሉ። አካላቸው ጥቁር ነው። ክንፋቸው ብርሃን ሲያርፍበት ውኃ ላይ እንደ ፈሰሰ ቤንዚን ሰማያዊ ያበራል። ከወገባቸው በታች ቀላ ይልና ግራና ቀኝ አንድ አንድ ቢጫ ነጥብ አለበት። የሚውሉት አበባ ላይ አይደለም። ከሣሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብለው 8 ቁጥር እየሠሩ ይመላለሳሉ። አንዳንዷ ድንገት ታርፍና ሣሩን በእግሯ ገለጥ ገለጥ አድርጋ ትሰወራለች። ጎጆ ይኖራል ብዬ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሣሩም ጤና የለውም። ብስባሽ የምንከምርበት የአጥሩ ጥግ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል፤ ትንንሽ የአፈር ክምሮችም ተበትነውበታል።

ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፤ እናቴም ከአገር ቤት መጥታ አብራን አለች። ባለቤቴ ትናንት መርጫ ገዝቶ ገባ። አንድ የሣር እንክብካቤ ድርጅት ጋር ብደውል፣ የመጣው ሰው ከመኪናው ሳይወርድ «ተርቡንም ትሉንም በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን» ብሎ 380 ዶላር ጠየቀኝ። እናቴ ደግሞ «ያልነካሽን ለምን ትነኪያለሽ?» ትላለች። ማንን ልስማ?

ባለ አካፋው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) | ነሐሴ 11

እናትሽን። መርጫውን ደረሰኙ ሳይጠፋ መልሺው።

አዲስ ጎጆ (ውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ) | ነሐሴ 11

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ነገሩ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም። ባለፈው ዓመት ባለቤቴን መሬት ውስጥ የሚኖሩ ተርቦች ነድፈዋት ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል ነው ያደርነው። በደፈናው «ተይው» ማለት ያስፈራል። የሚናደፈው ከማይናደፈው በምን ይለያል?

ባለ አካፋው | ነሐሴ 11

እውነትህን ነው። ባለቤትህን እግዚአብሔር ይማርልህ፤ ማሾፌን ትቼ ልመልስ።

እኔም አንድ ዓመት ማጨጃ እየገፋሁ የነዚያኑ ቢጫ ተርቦች ጎጆ ደርሼበታለሁ። ሱሪዬን መኪና ማቆሚያው ላይ አውልቄ ጥዬ ነው ቤት የገባሁት፤ ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ድረስ ሰላምታ ሲሰጡኝ ፈገግ ይላሉ።

ወንበር ይዘህ ራቅ በልና አሥር ደቂቃ ተመልከት። ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ሆነው አንዲት ቀዳዳ ላይ እንደ ታክሲ ተራ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባ ከሆነ የመንጋ ተርብ ነው። እሱን አትነካካው፣ ልጆችም አይጠጉት፤ ባለሙያ ጥራ። አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳና ከፊቷ የአፈር ቁልል ካየህ ሲካዳ የሚባለውን፣ በበጋ ዛፍ ላይ የሚጮኸውን ነፍሳት የምታድነው ትልቋ ተርብ ናት፤ መጠኗ ያስደነግጣል እንጂ ብቻዋን የምትኖር ናት። እህታችን የገለጸቻቸው ደግሞ ሣሩን በሙሉ ያስሳሉ፣ ወደ አንድ በር አይመለሱም። ቤት የላቸውማ! የሚጠብቀው ቤት የሌለው ተርብ ሰው አያሳድድም። በባዶ እግር ከረገጧት ግን ሴቷ ትነድፋለች፤ ልጆቹ ጫማ ያድርጉ።

ተክል ጥበቃ (ባልቲሞር፣ ሜሪላንድ) | ነሐሴ 12

እህቴ፣ ገለጻሽ ጥርት ያለ ስለሆነ ፎቶ ሳላይም እደፍራለሁ። ሁለቱ ቢጫ ነጥቦች፣ ቀላ ያለው ጅራት፣ ሰማያዊው ክንፍ፣ በነሐሴ ሣር ላይ ዝቅ ብሎ መብረር፦ ስኮሊያ ዱቢያ ናት። የዚሁ የአሜሪካ ተወላጅ ናት። የሚሰምጠው መሬትሽም ከእሷ ጋር አንድ ታሪክ ነው።

በሰኔና በሐምሌ በለስና ኮክ ላይ እየጮኸ የሚከመረውን ትልቅ አረንጓዴ ጥንዚዛ ታውቂው ይሆናል። እንቁላሉን የሚጥለው የበሰበሰ ነገር የሚሸት አፈር ውስጥ ነው፤ ፍግ፣ ብስባሽ፣ ያረጀ የሣር ቁርጥራጭ ይስበዋል። ትሉ ሲያድግ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሥር ከመብላት ይልቅ አፈሩን እየቦረቦረ የበሰበሰውን ይለቅማል፤ ቡርቦራው ነው ሣርሽን ስፖንጅ ያደረገው። ከዝናብ በኋላ ማታ ወደ ላይ ይወጣል። አንዱን ይዘሽ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጪው፦ ተገልብጦ በጀርባው መሄድ ከጀመረ እሱው ነው። እግር እያለው በጀርባው የሚጓዝ ሌላ ትል እዚህ ሣር ውስጥ አታገኚም።

አሁን ወደ ተርቧ። ሴቷ ትሉ የቆፈረውን መንገድ ተከትላ፣ ከሌለም ራሷ ቆፍራ ትወርዳለች። ስታገኘው በሆዱ በኩል፣ የነርቭ ቋጠሮው ካለበት ቦታ ላይ ትነድፈዋለች። ትሉ አይሞትም፣ ሽባ ይሆናል። ቢሞት ይበሰብስ ነበር፤ እሷ የምትፈልገው የማይንቀሳቀስ ትኩስ ሥጋ ነው። ሆዱ ላይ አንዲት እንቁላል ትጥላለች። የተፈለፈለው የተርቧ እጭ አንገቱን ትሉ ሆድ ውስጥ ቀብሮ መብላት ይጀምራል። አበላሉ ሥርዓት አለው፦ ለሕይወት የማያሰጉትን ክፍሎች ያስቀድማል፣ ትሉን በቁሙ ያቆዩትን ለመጨረሻ ይተዋቸዋል። ሲጨርስ የትሉ ቆዳ ይቀራል። እጩ ከሐር የተፈተለ ቡናማ ከረጢት ሠርቶ ክረምቱን እዚያው አፈር ውስጥ ያሳልፋል፤ በሚቀጥለው በጋ ተርብ ሆኖ ይወጣል።

ጥገኛ የሚለው ቃል ብቻውን እዚህ ላይ አይበቃም። መዥገር የላም ጥገኛ ነው፤ ላሟ ብትሞት ግን ለመዥገሩም አይበጀውም። ይህች ተርብ የምታሳድገው ልጅ አስተናጋጁን ጨርሶ ካልገደለ አያድግም። በዚህ ምክንያት ነው ገበሬ መዥገርን እየረገመ ይህችን የሚመርቃት፣ ካወቃት ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የምታገኘውን ትል ሁሉ እንቁላል አትጥልበትም። ነድፋው ጥላው የምትሄደውም አለ፤ እሱም ሽባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እንቁላል ያለበትን ብቻ ቆጥሮ «ይህን ያህል ነው የያዘችው» ማለት ሥራዋን ማሳነስ ነው።

ጥቁር አፈር (ሎርተን፣ ቨርጂኒያ) | ነሐሴ 12

ሁላችሁም ተርቧን ቅድስት አደረጋችኋት። እኔ በሣር ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ እስቲ የሌላውን ወገን ልናገር።

አንደኛ፣ ተርቧ የመጣችው ትሉ ከበዛ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ስልሳ ተርብ በአንድ ግቢ ማየት ማለት ከሥር ያለው ትል የትየለሌ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዎች አንድ ትል ያያሉና ሁሉም ትል አንድ ይመስላቸዋል። እዚህ አካባቢ አብዛኛውን ሣር የሚያደርቀው አረንጓዴው ሳይሆን የጃፓኑ ጥንዚዛ ልጅ ነው። እሱ ሥር ይቆርጣል፤ በመስከረም ሣሩን እንደ ምንጣፍ ጠቅልለህ ታነሣዋለህ። ሰማያዊ ክንፏ ደግሞ በዋናነት የአረንጓዴው ጠላት ናት፤ የጃፓኑን የምትይዘው አልፎ አልፎ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁጠሩ። በእያንዳንዱ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ምረጡ፣ በሦስት በኩል ቁረጡት፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ግለጡት፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እየፈረፈራችሁ ቁጠሩ። የጃፓኑ ትል ከ8 እስከ 10 ከደረሰ ጤነኛ ሣር እንኳ ይጎዳል። ሦስት አራት ከሆነ ውኃ አጠጥታችሁ እርሱት። በአምስት ቦታ ያልቆጠረ ሰው መድኃኒትም አይርጭ፣ «ተርቧ ትበቃኛለች» ብሎም አይከራከረኝ።

አዲስ ጎጆ | ነሐሴ 12

የጃፓኑ ጥንዚዛ ያው ነሐስ የመሰለ ክንፍ ያለው፣ ጽጌረዳ ላይ ተደራርቦ የሚገኘው ነው አይደል? የኔን በሶብላ ወንፊት አድርጎታል።

ተክል ጥበቃ | ነሐሴ 13

አዎ፣ እሱ ነው። ጭንቅላቱ አረንጓዴ፣ ክንፉ ነሐስ፣ በጎንና በጎኑ ነጫጭ የፀጉር ቡቃያዎች አሉት። አንገቱ ሥር ነጭ ነጥብ የተለጠፈበት ካየህ አትግደለው፤ ነጥቧ የአንዲት ዝንብ እንቁላል ናት፣ እሷም ሥራዋን ጀምራለች።

ለጥቁር አፈር፦ ቁጠሩ ያልከው ላይ አንድ ቃል አልቀንስም። «ጅብ ከሄደ» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ትሉ ገና አፈር ውስጥ ነው፣ እስከሚቀጥለው ግንቦት ድረስም እዚያው ነው። ጅቡ አልሄደም፤ ውሻዋ ግቢው ውስጥ ይዛዋለች።

የጃፓኑን ነገር ካነሣህ ታሪኩ ጥሩ ነው። ጥንዚዛው እዚህ አገር መኖሩ የታወቀው በ1916 ነው፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሪቨርተን በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ። በአገሩ በጃፓን እንዲህ አያስመርርም፤ እዚህ ሲመጣ ጠላቶቹን ጥሎ መጣ። ስለዚህ በ1920ዎቹ የግብርና ሚኒስቴሩ ሰዎች ወደ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ሄደው ጠላቶቹን ይሰበስቡ ጀመር። ከመጡት ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የለመዱት፤ ከነሱ አንዷ ቲፊያ ቨርናሊስ ናት።

ይህች የእህታችንን ተርብ አትመስልም። አንድ ሴንቲ ሜትር የምትሆን፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር፣ ለማያውቅ ሰው ክንፍ ያወጣች ጉንዳን ናት። የምትወጣው በግንቦት ነው። ከላይ ሆና ትሉን አታየውም፤ የትሉን ጠረንና የኩሱን ሽታ ተከትላ ነው አፈሩን የምትገባው። ነድፋ ሽባ የምታደርገው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ትሉ እስኪነቃ እንቁላሏን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ታጣብቃለች፦ በሆዱ በኩል፣ ደረቱ አልቆ ሆዱ የሚጀምርበት እጥፋት ውስጥ። በነሐሴ የምትወጣው ዘመዷ ቲፊያ ፖፒሊያቮራ ወደ ጅራቱ ጠጋ አድርጋ ነው የምታጣብቀው። እንቁላሉ ያለበትን ቦታ ብቻ አይቶ የማን እንደሆነ መናገር ይቻላል። ትሉ ይነቃና ሞቱን አዝሎ ሥሩን መብላቱን ይቀጥላል።

የመድኃኒት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለትል መከላከያ የሚረጨው ኢሚዳክሎፕሪድ በግንቦት አፈር ውስጥ ካለ ቲፊያዋ ትሉን የማግኘትና እንቁላል የመጣል አቅሟ ይቀንሳል። ትልልቆቹን ትሎች ደግሞ በዚያ ወር በቅጡ አይገድላቸውም። ዘበኛውን መርዞ ሌባውን መተው ማለት ነው።

ጥቁር አፈር | ነሐሴ 13

ይህን እቀበላለሁ፤ እኛም በግንቦት እንድንረጭ ስንታዘዝ ያናድደኝ ነበር። ደንበኛው በጸደይ ሣሩ ሲያሳስበው ይደውላል፣ ድርጅቱም ገንዘቡን አይመልስም። መርጨት የግድ ከሆነ ወቅቱ እንቁላሉ በሚፈለፈልበት ጊዜ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው፤ ያኔ ትሉ ትንሽ ነው፣ ቲፊያዋም በረራዋን ጨርሳለች። ሣሩ ውስጥ የማገጥ (ክሎቨር) አበባ ካለ ደግሞ አስቀድሞ ማጨድ ነው፣ ንቦቹ የተመረዘ ማር እንዳይቀስሙ። ክሎራንትራኒሊፕሮል የሚባለው አዲሱ መድኃኒት ለንብም ለቲፊያም የሚሻል ሆኖ ተገኝቷል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው።

እህቴ፣ ባለቤትሽ የገዛው ቆርቆሮ ላይ ምን ተጽፏል? እናንተ ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ ኢሚዳክሎፕሪድና መሰሎቹ ለቤት ባለቤት በሱቅ አይሸጡም፤ ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚረጨው። ስለዚህ ምናልባት ላይ ላዩን የሚበር የሚገድል ተራ መርጫ ነው። ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፦ ከላይ ያለችውን ተርብ ይገድላል፣ ከሥር ያለውን ትል አይነካውም።

የበሶብላ እናት | ነሐሴ 13

ቆርቆሮውን አነበብኩት። ያልከው ነው። ባለቤቴ ይህን ክር አንብቦ ዝም ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ሱቅ ሄደ። ቅዳሜ እንቆፍራለን፣ እናቴ አካፋውን ወስዳ በር ላይ አቁማዋለች።

ሸዋ ሮቢት | ነሐሴ 14

ከአገር ቤት ነኝ። ስለ ሣር የሚከራከር ሰው ሳይ ቅናት ይዞኛል፤ እኛ ዘንድ ሣር የሚበላው ከብት ነው።

ግን ጥያቄ አለኝ። የማሽላ ጥንዚዛ የምንለውን የምታውቁት ካላችሁ፦ ማሽላው እሸት ሲይዝ እየተጫነ ወተቱን ይመጥጣል፣ ዛላው ይቀራል። አባቴ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ፣ ክንፉ ሳይደርቅ ወርዶ በእጁ እየለቀመ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይከት ነበር። ከረጢቱ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እናንተ የምትሏት ዓይነት ተርብ አምጥቶ እዚህ መልቀቅ አይቻልም?

ተክል ጥበቃ | ነሐሴ 14

ወንድሜ፣ አገር ቤት የተማርኩት ትምህርት ነውና በደንብ አውቀዋለሁ። ሳይንሱ ፓክኖዳ ኢንተራፕታ ይለዋል። በፈረንጆች 1993 ነው በሰሜን ሸዋና በአካባቢው ቆላ ወረርሽኝ ሆኖ የታየው፤ ቀወት ወረዳ ብዙ ጥናት የተካሄደበት ቦታ ነው።

የማሽላው ጥንዚዛና የእህታችን አረንጓዴ ጥንዚዛ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ትላቸው የበሰበሰ ነገር በሚገኝበት አፈር ውስጥ ያድጋል። ልዩነቱ የማሽላው ጥንዚዛ ትል ሆኖ ሰብል አለመንካቱ ነው። ከግራር ጥላ ሥር፣ ከፍግ ሥር ትኖራለች፤ ማንንም ሳታስቀይም ታድግና በክረምቱ ዝናብ መጨረሻ ትወጣለች። ጥፋቷ ሁሉ ክንፍ ካወጣች በኋላ ነው። ስለዚህ ገበሬው ጠላቱን የሚያየው ማሽላው ላይ ነው፤ ተርቧ ግን የምትሠራው አፈር ውስጥ፣ ምናልባትም ከማሳው ርቆ የግጦሽ መሬት ላይ ነው።

ተርብ ማምጣቱን በተመለከተ፦ የውጭ ጠላት ማምጣት ፍሬ የሰጠባቸው ቦታዎች በአብዛኛው ጥንዚዛው ራሱ ባዕድ የሆነባቸው ናቸው። ሃዋይን ውሰድ። አንድ የእስያ ጥንዚዛ ኦዋሁ ደሴት ገብቶ የሸንኮራ አገዳውን ሥር ይበላ ነበር። በ1910ሮቹ አጋማሽ ፍሬደሪክ ሙር የተባለ የነፍሳት ባለሙያ ከፊሊፒንስ ስኮሊያ ማኒሌ የምትባል ተርብ አመጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጥንዚዛው ሥጋት መሆኑ ቀረ። ሞሪሸስም በዚያው ዘመን ከባርባዶስ አገዳ ጋር የገባባትን ጥንዚዛ ከባርባዶስ በመጣች ቲፊያ ተቋቁማለች። ደሴት ነው፣ እንግዳ ተባይ ነው፣ አገዳ ደግሞ ለብዙ ዓመት የማይታረስ ሰብል ነው፤ ተርቧ የሚተኛ ከረጢቷን ማንም በማረሻ አይገለብጥባትም።

የማሽላው ጥንዚዛ ግን የዚያው ምድር ልጅ ነው፤ ጠላቶቹም አብረውት አሉ። ባዕድ ተርብ ከማምጣት በፊት ያሉትን ማወቅ ይቀድማል። እስከዚያው ግን የበሰለ ሙዝና አንዳንድ ሽታዎች የተደረጉባቸው ወጥመዶች ጥንዚዛውን እንደሚስቡ በአካባቢያችሁ በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል። አባትህ ጤዛ ሳይለቅ መልቀማቸውም ትክክል ነበር፤ ጥንዚዛው ካልሞቀው አይበርም።

ሸዋ ሮቢት | ነሐሴ 14

ሙዙንስ ልጆቹ ሳይበሉት ከተረፈ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የበሶብላ እናት | ነሐሴ 20

ቆፈርን። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጥቁር አፈር እንዳለው በአምስት ቦታ ካሬ ቆረጥን። መሀል ሣሩ ላይ አንድ፣ ባዶ፣ ሁለት። የጽጌረዳው ጥግ ሦስት ትንንሾች፤ በማጉያ መነጽር ከጅራታቸው ሥር ስናይ የተገለበጠ የቤት ጣሪያ የመሰሉ ሁለት ረድፍ እሾሆች አሏቸው። የጃፓኖቹ መሆን አለባቸው። የብስባሹ ጥግ ሰባት፣ ሁሉም ትልልቅ።

ልጄ ከትልልቆቹ አንዱን መኪና ማቆሚያው ላይ አስቀመጠው። ትሉ ትንሽ አሰበና ተገለበጠ፤ ስድስት እግሮቹን ወደ ሰማይ አድርጎ በጀርባው ፀጉር እየተንፏቀቀ ሄደ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ምነው ይህ፣ አልጋ ላይ የተኛ መስሎታል እንዴ?» አለች።

ከሰባቱ ሁለቱ ግን አልሄዱም። እንደሌሎቹ ግማሽ ቀለበት ሆነው አልተጠቀለሉም፤ ላላ ብለው ተዘርግተዋል። የሞቱ መስሎኝ በሣር ጫፍ አፋቸውን ስነካው መንገጭላቸው በቀስታ ተንቀሳቀሰ። አንደኛው ሆዱ ላይ ምንም የለም። ሁለተኛው ላይ ግን መሀል ሆዱ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ቀለሟ ቅቤ የመሰለ ነገር ቆማለች፤ ጭንቅላቷ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። በማጉያው ሳያት ከውስጥ እየሳበች መሆኗ ያስታውቃል፤ ሰውነቷ ይነፋል፣ ይላላል። ልጄ ትሉ ያመው እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ባየንበት ጥልቀት መልሰን ቀበርነው፣ ሣሩን ከደንነው፣ እናቴ ውኃ አፈሰሰችበት።

ጥቁር አፈር | ነሐሴ 20

ከሰባት ሁለት፣ ያውም ወቅቱ ሳያልቅ። ለአንድ ጥግ መጥፎ አይደለም። ሌላው ቦታ ላይ ያገኘሽው ቁጥር ምንም አያሳስብም። 380 ዶላሩን ለሌላ ነገር አድርጊው።

ማንም «የወተት በሽታ» የሚባለውን ባክቴሪያ እንዳይሸጥልሽ። የትሉን ደም ወተት የሚያስመስል የታወቀ በሽታ ነው፤ በአሜሪካ ከ1948 ጀምሮ ተመዝግቦ የሚሸጥ ነው። ግን የሚሠራው በጃፓኑ ላይ ብቻ ነው፣ ውጤቱም ቦታ ይመርጣል። ለአረንጓዴው ከንቱ ነው።

ባለ አካፋው | ነሐሴ 21

የሚቀረው አንድ ሥራ ነው፦ ብስባሹን ከሣሩ ዳር አንሥተሽ ሩቅ አድርጊው፣ ወይም በሣጥን አድርጊው። ጥንዚዛዋን የጠራሻት አንቺው ነሽ።

ሌላው ምግብ ነው። ተርቧ ትል አትበላም፤ ትሉ የልጇ ነው። እሷ የምትኖረው በአበባ ማር ነው። የኔ ግቢ ውስጥ ናና ሲያብብ ሰማያዊ ክንፎቹ ከጠዋት እስከ ማታ አይለቁትም። ዳሩ ላይ የሚበቅለውን ቢጫ የዱር አበባም አልነቅለውም፤ በመስከረም እነሱው ናቸው የሚጨርሱት። ትንሿ ጥቁር የግንቦቷ ደግሞ ፒዮኒ የሚባለው የአትክልት አበባ ላይ ትሰበሰባለች፤ ፒዮኒ አጠገብ ያሉ ትሎች የበለጠ እንደሚያዙ በጥናት ታይቷል። እናትሽ ናና ተክላ ከሆነ ሁሉንም ለሻይ እንዳትቀጥፍ ንገሪያት።

የበሶብላ እናት | ነሐሴ 21

ጋሼ፣ ነገርኳት። «ግማሹ የተርብ፣ ግማሹ የኔ» ብላለች። በሶብላውንም ጥቂት እግር እንዲያብብ ትተነዋል፤ ጥንዚዛ ያልበላው ማለቴ ነው።

አዲስ ጎጆ | ነሐሴ 24

እኔም ቆጠርኩ። በአምስት ካሬ 9፣ 11፣ 8፣ 12፣ 4። ሁሉም ትንንሽ፣ ሁሉም ባለ እሾህ። ተርብ አንድም አላየሁም።

ጥቁር አፈር | ነሐሴ 24

ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው። አንተ ተርብ እስኪመጣ ብትጠብቅ በጥቅምት ሣር የለህም። ኬሚካል ካልፈለግህ አሁን ጊዜው የክር ትል ነው፤ ሄትሮራብዳይቲስ ባክቴሪዮፎራ የሚለውን ስም ፈልግ። በዓይን የማይታዩ ሕያው ትሎች ናቸው፤ ጥንዚዛው ትል ውስጥ ገብተው ይገድሉታል። ፀሐይ ይገድላቸዋል፣ ድርቀት ይገድላቸዋል። ማታ፣ ሣሩን አርሰህ፣ ከረጨህ በኋላም ደግመህ አጠጥተህ። ቀኑ ያለፈበት ፓኬት ከሸጡህ የምትረጨው ውኃ ነው።

ተክል ጥበቃ | ነሐሴ 24

እስማማለሁ። በግንቦት ደግሞ እዚህ ተመልሰህ ጻፍልን፤ ያቺ ክንፍ ያወጣች ጉንዳን የምትመስለው ትታይ እንደሆነ።

የበሶብላ እናት | ጥቅምት 14

ብስባሹን ዛሬ አዛወርነው። ከሥሩ፣ አንድ ክንድ ገደማ ጥልቀት ላይ፣ አካፋው የአውራ ጣቴን መጀመሪያ አንጓ የምታህል ቡናማ ከረጢት አወጣ። ቀጭን ብራና ትመስላለች፣ ስትነካ አትጨፈለቅም። ጫፏ ላይ ደግሞ የደረቀ የትል ራስ ተጣብቋል፤ ከነመንገጭላው። ልጄ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ለአያቱ አሳያት፤ አሁን መስኮት ላይ ናት።

ክረምቱን ቤት ውስጥ ትለፍ ወይስ ልመልሳት?

ተክል ጥበቃ | ጥቅምት 14

መልሻት። የቤቱ ሙቀት ያለ ጊዜዋ ያወጣታል፣ በጥር ደግሞ አበባ የለም።

ባለ አካፋው | ጥቅምት 14

ያወጣሻት ጥልቀት ላይ፣ በተኛችበት አኳኋን። እንጨት ትከይባት፣ በሚያዝያ ባልሽ ድንች ሊተክል ሲቆፍር እንዳይገለብጣት።

የበሶብላ እናት | ጥቅምት 15

ተከልን። ልጄ እንጨቱ ላይ በቀለም «እንቅልፍ ላይ» ብሎ ጽፎበታል።